የሚበሩ ካታማራኖችን ውድድር እንዴት እንይ? ዓይናችሁን ከፍጥነቱ አንሱና ክፍተቱን እዩ

የሸራ ጀልባ ትወዳላችሁ፣ የካታማራኖቹን ውድድር ግን «ያው ፍጥነት ነው» ብላችሁ ትታችሁታል? እንግዲያው ይህ ለእናንተ ነው። ባለ ሁለት አካል ጀልባ ከውሃው ወጥታ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ስትከንፍ ዓይን መጀመሪያ ፍጥነቱ ላይ ቢያርፍ አይፈረድበትም። ግን ሁሉም ፈጣን ናቸው። ፍጥነቱን ብቻ ካያችሁ ሁለተኛው ውድድር ላይ ይሰለቻችኋል። እዚህ ስፖርት ላይ አብዛኛው ሽንፈት የሚመጣው ጀልባዋ ውሃ ስትነካ ነው፣ ስለዚህ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ በጀልባዋ ሆድና በውሃው መካከል ያለውን ክፍተት ማየት ልመዱ። የነፋሱም፣ የመታጠፊያውም፣ የሠራተኞቹም ነገር እዚያ ክፍተት ላይ ይነበባል።

1. የትኛውን ውድድር እንደምታዩ ለዩ

ዛሬ የሚበሩ ካታማራኖችን በትልቅ ደረጃ ዓመቱን ሙሉ የሚያወዳድረው ሴይልጂፒ ነው። ላሪ ኤሊሰንና ራስል ኩትስ የመሠረቱት ሊግ ሲሆን የመጀመሪያው ውድድር እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2019 ሲድኒ ላይ ተካሄደ። ቡድኖቹ በአገር ስም ይወዳደራሉ፤ ጀልባው ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው። አንዱ ሲቀድም «የተሻለ ጀልባ ገዝቶ ነው» ማለት አይቻልም።

ብዙ ሰው አሜሪካስ ካፕ ከሚባለው ታዋቂ የሸራ ጀልባ ዋንጫ ጋር ያምታታዋል። አሜሪካስ ካፕ በ2013 ሳን ፍራንሲስኮ ላይና በ2017 ቤርሙዳ ላይ በሚበሩ ካታማራኖች ተካሂዷል፣ ከ2021 ጀምሮ ግን ጀልባዎቹ ባለ አንድ አካል ሆነዋል። እነሱም ይበራሉ፣ አበራረራቸው ግን ሌላ ነው። የሁለቱን የካታማራን ዘመን ቅጂዎች ፈልጋችሁ እዩ፤ ለምን እንደሆነ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

2. ጀልባዋን ተዋወቁ

የሴይልጂፒ ጀልባ ኤፍ50 ትባላለች። 15 ሜትር ርዝመት፣ ወደ 9 ሜትር የሚጠጋ ስፋት፣ 2.4 ቶን ገደማ ክብደት አላት። የተወለደችው በ2017 ቤርሙዳ ላይ ከተወዳደሩት ጀልባዎች ነው። ልታውቋቸው የሚገቡ ሦስት ክፍሎች አሏት።

አንደኛው ከላይ ያለው ክንፍ ነው። ጨርቅ ሸራ ሳይሆን እንደ አውሮፕላን ክንፍ ቅርጽ ያለው ጠንካራ ነገር ነው፤ ፊት ለፊቱ ላይ ትንሽ የጨርቅ ሸራ ይጨመርበታል። ክንፉ በቁመት የተለያየ ነው። ለኃይለኛ ነፋስ 18 ሜትር፣ ለመካከለኛ ነፋስ 24 ሜትር፣ ለደካማ ነፋስ ደግሞ ከዚያም የሚረዝም ይገጠማል።

ሁለተኛው ፎይሉ ነው፤ በግራና በቀኝ ውሃ ውስጥ የሚወርደው የታች ክንፍ። ውሃ ከአየር በ800 እጥፍ ገደማ ስለሚከብድ ይህች ትንሽ ክንፍ ጀልባዋን ከነሰዎቿ ከውሃ በላይ ትሸከማለች። ከ2025 መጀመሪያ ወዲህ ፎይሎቹ ከታይታኒየም የተሠሩና የተገለበጠ ቲ ፊደል የሚመስሉ ሆነዋል፤ በፊት የኤል ቅርጽ ነበራቸው።

ሦስተኛው ኋላ ያሉት ሁለት መሪዎች ናቸው። ታቻቸው ላይ አግድም ትንንሽ ክንፎች አሏቸው፤ የአፍንጫዋን ከፍታ የሚጠብቁት እነሱ ናቸው። አንደኛው ወደ ላይ ሲገፋ ሌላኛው ወደ ታች እየጎተተ ጀልባዋ እንዳትገለበጥ ያግዛሉ።

ሰዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ናቸው። ነጂው አለ። ክንፉን የሚያስተካክል አለ። ፎይሉን እያዘዘ ከፍታውን የሚጠብቅ የበረራ ተቆጣጣሪ አለ። ሁለቱ እጀታ እያሽከረከሩ ክንፉን ለመሳብ የሚያስፈልገውን ጉልበት ይሰጣሉ። ስድስተኛው ስትራቴጂስት ነው፤ ዓይኑን ከጀልባው አውጥቶ ነፋሱንና ተጋጣሚውን ያያል። ነፋስ ሲደክም ክብደት ለመቀነስ በአራት ሰው ሲሄዱ ታያላችሁ። ስድስት ሰው አይታችሁ «የማን ሥራ ምንድን ነው?» የሚለውን መመለስ ከቻላችሁ ውድድሩ ግማሹ ገብቷችኋል።

3. ነፋሱ ለምን ሁልጊዜ ከፊት እንደሚመጣ ይግባችሁ

መደበኛ የሸራ ጀልባ የነዳችሁ ሰዎች መጀመሪያ የምትደናገሩት እዚህ ላይ ነው። ጀልባዋ ነፋስን በጀርባዋ ይዛ ወደ ታች እየወረደች ክንፉ ግን ጥብቅ ብሎ ነፋስ ፊት ለፊት እንደሚገጥማት ሁሉ ተስተካክሎ ታያላችሁ። ምን ነካቸው አትበሉ። ነፋስ በሌለበት ቀን ስትሮጡ ፊታችሁን የሚመታው ነፋስ ከራሳችሁ ሩጫ የመጣ ነው። ጀልባዋ ደግሞ ከነፋሱ በሁለት በሦስት እጥፍ ትፈጥናለች፣ ስለዚህ የትም ብትሄድ ክንፉ የሚሰማው ነፋስ ከፊት ነው።

ከዚህ የሚመጣ አንድ ውጤት አለ። ፍጥነት ራሱ ነፋስ ይፈጥራል፣ ነፋሱ ደግሞ ተጨማሪ ፍጥነት። በተቃራኒው ጀልባዋ ከፎይሏ ላይ ከወደቀች ያ የፈጠረችው ነፋስ አብሮ ይጠፋል፤ እንደገና ለመነሳት ከዜሮ መጀመር አለባት። አንድ ስህተት ከመጀመሪያ ወደ መጨረሻ የሚያወርደው ለዚህ ነው።

4. ከመጀመሩ በፊት አሥር ደቂቃ ለነፋሱ ስጡ

የቀኑን ነፋስ ጥንካሬና አቅጣጫ እዩ። በኖት ከተጻፈ በሁለት አባዙት፣ ትንሽ ቀንሱለት፣ በሰዓት ኪሎ ሜትር ታገኛላችሁ (1 ኖት 1.852 ነው)። ቀጥሎ የትኛው ክንፍ እንደተገጠመ ጠይቁ ወይም ከስርጭቱ ስሙ። ረጅም ክንፍ ማለት ዛሬ ፈተናው መነሳት ነው፣ አንዱ ሲበር ሌላው ውሃ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። አጭር ክንፍ ማለት ፈተናው መቆጣጠር ነው።

ውድድሩ የሚዘገይ ከሆነም አትበሳጩ። በ2024 ኒው ዚላንድ ሊትልተን ላይ ዶልፊኖች የውድድሩ ውሃ ውስጥ ገብተው የአንድ ቀን ውድድር ቀርቷል። ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። የእነዚህ ጀልባዎች ፎይል በዚያ ፍጥነት ሕይወት ያለው ነገር ላይ ሲያርፍ ማሰብ ያስጨንቃል።

5. ቦታ ምረጡ፤ የምርጫው ቁልፍም ነፋሱ ነው

ባሕሩ ዳር ሆናችሁ የምታዩ ከሆነ ከፍ ያለ ቦታ ከቅርብ ቦታ ይሻላል። ዝቅ ብላችሁ ከቆማችሁ ጀልባዎቹ ተደራርበው ማን እንደሚቀድም አይለይም። ከፍታ ከሌለ የመጀመሪያው ምልክት (ጀልባዎቹ የሚዞሩት ተንሳፋፊ ነገር) አካባቢ ወይም ጀልባዎች ነፋስ ይዘው የሚወርዱበት የታችኛው በር (ጥንድ ምልክት) አካባቢ ፈልጉ፤ ትርምሱ ያለው እዚያ ነው። ሲድኒ ላይ ወደቡ መካከል ባለችው ሻርክ ደሴት ላይ ተቀምጦ ማየት ይቻላል፣ ይህን የመሰለ ቦታ ብዙ ከተማ የለውም።

ባይኖኩላር ስትመርጡ ሰባት እጥፍ የሚያቀርበው፣ 7 በ50 የሚባለው፣ ይበቃል። የበለጠ የሚያቀርብ ከሆነ እጅ ሲንቀጠቀጥ ምስሉ አብሮ ይዘላል፣ ጀልባዋም ከዓይናችሁ ታመልጣለች። ፖላራይዝድ መነጽር ካላችሁ አድርጉ። የውሃውን ነጸብራቅ ስለሚቀንስ ነፋስ የወረደበት የጠቆረ ውሃ ጎልቶ ይታያል።

በራሳችሁ ጀልባ ወጥታችሁ ከሆነ ከተከለለው ውሃ ውጭ ሁኑ፣ ሬዲዮውን ክፍት አድርጉ፣ የጥበቃ ጀልባዎቹ የሚሏችሁን ስሙ። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ማለት በሴኮንድ 25 ሜትር ነው። «ሲመጣ አይቼ ዞር እላለሁ» የሚባል ነገር የለም።

በስክሪን የምታዩ ከሆነ ምንም አልቀረባችሁም፤ እንዲያውም እኔ ለመማር ስክሪኑን እመርጣለሁ። ውሃው ላይ የተሳሉ የሚመስሉት መስመሮች፣ የወሰን ክልሉ፣ የጀልባዎቹ ርቀት፣ ይህ ሁሉ መሐንዲሱ ስታን ሃኒ ለ34ኛው (ለ2013ቱ) አሜሪካስ ካፕ ካዘጋጀው ላይቭላይን ከሚባል ቴክኖሎጂ የመጣ ነው። ከዚያ በፊት የሸራ ውድድርን በቴሌቪዥን አይቶ ማን እንደሚመራ ማወቅ ለባለሙያም ከባድ ነበር። ውሃው ዳር ያላችሁም ብትሆኑ ስልካችሁ ላይ ውጤት ማሳያ ክፈቱ።

6. መነሻው ላይ ጀልባ ሳይሆን ሰዓት እዩ

እዚህ ጀልባዎቹ ነፋሱን በጎን ተቀብለው፣ በሙሉ ፍጥነት ወደ መጀመሪያው ምልክት ይወረወራሉ። ጥበቡ ሰዓቱ ዜሮ ሲል መስመሩ ላይ መድረስ፣ ሲደርሱም በሙሉ ፍጥነት መሆን ነው። ቀድሞ የተሻገረ ይቀጣል። ቀደም ብሎ ደርሶ ፍጥነት የቀነሰም ከፎይል ሊወርድ ይችላል።

ስለዚህ የመጨረሻው ደቂቃ ላይ ይህን አድርጉ። ማን መስመሩ አጠገብ እንዳለ ተዉት። ከኋላ ርቆ፣ ነጻ ውሃ ፊቱ ይዞ፣ እየበረረ የሚመጣውን ፈልጉ። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ምልክት ቀድሞ የሚዞረው እሱ ነው። ከታች በኩል፣ ማለትም ነፋሱ ከሚመጣበት ተቃራኒ ወገን ያለው ጀልባ የመንገድ መብት ስላለው ላይኛውን ገፍቶ ሲያስጨንቀው ታያላችሁ፤ ያ ግፊያ ሆን ተብሎ የሚደረግ ነው።

7. አሁን ወደ ክፍተቱ

አንድ ጀልባ ምረጡ። አንድ ብቻ። ቢያንስ አንድ ዙር እሷን ብቻ ተከተሉ፣ ዓይናችሁንም ሆዷና ውሃው መካከል ላይ አድርጉ።

ክፍተቱ ሳይለዋወጥ ከቀጠለ የበረራ ተቆጣጣሪው ሥራውን እየሠራ ነው። ክፍተቱ ሲጠብ ሆዷ የማዕበሉን ጫፍ መንካት ይጀምራል፣ ነጭ ውሃ ይረጫል፣ ፍጥነት ይሰረቃል። ክፍተቱ ከመጠን በላይ ሲሰፋ ደግሞ የባሰ ነው። ፎይሉ ወደ ውሃው ገጽ ሲቃረብ አየር ወደ ታች ይስባል፣ አየር የገባበት ፎይል መሸከም ያቆማል፣ ጀልባዋም ዱብ ትላለች። ጥሩ ቡድን በነዚህ ሁለት አደጋዎች መካከል ባለች ጠባብ ቦታ ላይ ነው የሚኖረው። ከፍ ማለት ፈጣን ነው፣ ከፍ ማለት አደገኛም ነው፣ እና ደፋሩንና ፈሪውን ቡድን ያለ ምንም ቁጥር በክፍተቱ ብቻ መለየት ትችላላችሁ።

ከዚያ መታጠፊያውን እዩ። ነፋሱን በአፍንጫዋ ቆርጣ ስትሻገር ታክ ይባላል፣ በጀርባዋ በኩል ስትሻገር ጃይብ። ቅደም ተከተሉ ይህን ይመስላል፦ መጀመሪያ ተነስቶ የነበረው ፎይል ውሃ ውስጥ ይወርዳል። ይህን ስታዩ «ልትታጠፍ ነው» ማለት ትችላላችሁ፣ አስተያየት ሰጪው ከመናገሩ በፊት። ቀጥሎ ጀልባዋ ትዞራለች፣ ሰዎቹ በሁለቱ አካላት መካከል በተዘረጋው መረብ ላይ ሮጠው ወደ ሌላው ወገን ይሻገራሉ፣ ነጂው እስኪሻገር መሪውን ሌላ ሰው ይይዝለታል፣ ክንፉ ይገለበጣል፣ በመጨረሻም አሮጌው ፎይል ይነሳል። ይህ ሁሉ ሲሆን ሆዷ ውሃ ካልነካ ትልቅ ሥራ ነው። ከነካ ስክሪኑ ላይ የፍጥነቱን ቁጥር እዩት፣ ወዲያው ይወርዳል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ተጋጣሚ አምስት ሴኮንድ ውስጥ 110 ሜትር ገደማ ይርቃል።

ታክ ከጃይብ ይከብዳል፣ ምክንያቱም ጀልባዋ በነፋሱ ዓይን ውስጥ ስታልፍ ለአፍታ የሚገፋት የለም። የቡድኖችን ደረጃ መለየት ከፈለጋችሁ ታካቸውን አወዳድሩ።

ከሁሉም የሚያስፈራው ግን ላይኛው በር ላይ ነፋስን ትቶ ወደ ታች መዞሩ ነው። በዚያች ቅጽበት ኃይሉ በአንዴ ይጨምራል፣ ጀልባዋ ትፈተለካለች፣ አፍንጫዋም ወደ ታች ማዘንበል ይጀምራል። ኋላ ያሉት የመሪ ክንፎች ካልያዟት አፍንጫዋን ውሃ ውስጥ ትተክላለች። በ2017 ቤርሙዳ ላይ ፒተር በርሊንግ የሚነዳት የኒው ዚላንድ ጀልባ በግማሽ ፍጻሜው መነሻ ላይ ከነፋሱ ስትዞር አፍንጫዋን ተክላ ተገለበጠች። ጠግነዋት ተመለሱ፣ ዋንጫውንም 7 ለ 1 ወሰዱ። ያን ቅጂ ስታዩ ከመገልበጧ በፊት ያሉትን ጥቂት ሴኮንዶች ደጋግማችሁ እዩ፣ የመሪው ክንፍ ከውሃ ሲወጣ ይታያል።

የፍጥነት ጣሪያ የሚባለውም ከፎይሉ ጋር የተያያዘ ነው። ወደ 50 ኖት አካባቢ ሲደርሱ ፎይሉ ላይ ያለው ግፊት በጣም ስለሚወርድ ውሃው እዚያው ተንኖ አረፋ ይሆናል፣ ፎይሉም ውሃውን አጥብቆ መያዝ ያቅተዋል። የፈረንሳይ ቡድን በ2022 ሴን ትሮፔ ላይ 99.94 ኪሎ ሜትር በሰዓት ደርሶ መቶን ለጥቂት ሳተ። መቶን ያለፈው የዴንማርክ ቡድን ነው፣ በ2025 ጀርመን ሳስኒትዝ ላይ፣ በ103.93። አዲሶቹ ፎይሎች የመጡት ለዚሁ ነበር።

8. ሕጉን ሁሉ አትማሩ፣ አራቱ ይበቃሉ

ነፋስን በቀኝ ጎኗ የምትቀበል ጀልባ በግራ ከምትቀበለው ቅድሚያ አላት። በአንድ ወገን ነፋስ የሚቀበሉ ሁለት ጀልባዎች ከተጎራበቱ የታችኛዋ ቅድሚያ አላት። ምልክት አጠገብ ሲደርሱ ጎን ለጎን ከሆኑ የውስጠኛዋ መዞሪያ ቦታ ይሰጣታል። አራተኛው የወሰን መስመሩ ነው፣ ያለፈ ይቀጣል።

ቅጣቱ ፍጥነት ቀንሶ ወደ ኋላ መቅረት ነው። ዳኞቹ ውሃው ላይ ሳይሆኑ ለንደን ውስጥ ስክሪን ፊት ተቀምጠው ነው የሚወስኑት። የጀልባዎቹ ቦታ በትክክል ስለሚታወቅ ክርክር ይቀንሳል።

በሩ ላይ ደግሞ ምርጫ አለ፤ ሁለት ምልክት ስላለ በግራም በቀኝም መዞር ይቻላል። ኋላ ያለው ብዙ ጊዜ ከፊት ያለው ያልመረጠውን ይመርጣል። ከፊት ካለ ጀልባ ክንፍ የሚወጣ ነፋስ የተበጠበጠ ስለሆነ እሱን ተከትሎ ማሸነፍ ከባድ ነው። ሁለት ጀልባዎች በሩ ላይ ሲለያዩ አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቁና እንደገና ሲገናኙ ማን ቀድሞ እንደሚያልፍ እዩ። የጠቆረውን ውሃ ማን እንዳነበበ የሚታወቀው ያኔ ነው።

9. የነጥቡን ነገር

ውድድሩ ሁለት ቀን ነው። ሁሉም አንድ ላይ የሚወዳደሩባቸው አጫጭር ዙሮች አሉ፣ አንደኛ የወጣ 10 ነጥብ፣ ሁለተኛ 9 እያለ ይወርዳል። በመጨረሻ ሦስቱ ብቻ ለፍጻሜ ይወጣሉ፣ እዚያ ያሸነፈ ሁሉን ይወስዳል። የዓመቱ ዋንጫም እንዲሁ ነው። አውስትራሊያ በቶም ስሊንግስቢ ነጂነት የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዋንጫዎች አከታትላ ወሰደች። በጁላይ 2024 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ግን የዲየጎ ቦቲን ስፔን አውስትራሊያንና ኒው ዚላንድን አሸንፎ የ2 ሚሊዮን ዶላር ሽልማቱን ወሰደ። ቦቲን ሳምንታት ሳይቆይ በፓሪስ ኦሊምፒክም ወርቅ አገኘ። በ2025 ደግሞ ዲላን ፍሌቸር የሚነዳት የብሪታንያ ጀልባ አቡ ዳቢ ላይ አሸነፈች። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን የሚመራውን አይታችሁ ስክሪኑን አትዝጉ።

ቡድን ስትመርጡ ብራዚልን አስቡ። ነጂዋ ማርቲን ግራኤል ናት፣ በሴይልጂፒ የመጀመሪያዋ ሴት ነጂ፣ የሁለት ኦሊምፒክ ወርቅ ባለቤት።

10. ድጋሚ እዩ፣ በዚህ ጊዜ በጆሮ

ውድድሩ ካለቀ በኋላ ቅጂውን ክፈቱና ሠራተኞቹ የሚነጋገሩትን ስሙ። ከጀልባው የሚመጣው ድምፅ በቀጥታ ይተላለፋል። የሚረጋጋ ቡድን ቃላቱ አጫጭር ናቸው፤ ርቀት፣ ከፍታ፣ ሰዓት። ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ የሚለወጠው ድምፁ ነው፣ ክፍተቱ የሚጠበው ከዚያ በኋላ ነው።

እና ያን ያልኳችሁን የ2013ቱን የሳን ፍራንሲስኮ ፍልሚያ ፈልጉ። ኒው ዚላንድ 8 ለ 1 እየመራች አንድ ድል ብቻ ቀርቷት ነበር። በ13ኛው ውድድር ርቃ ስትመራ ነፋሱ ደከመ፣ የ40 ደቂቃ ገደቡ አለቀና ውድድሩ ተሰረዘ። ተጋጣሚዋ የአሜሪካው ቡድን ኦራክል ተከታትሎ አሸንፎ 9 ለ 8 ጨረሰ። የመጀመሪያዎቹን ውድድሮችና የመጨረሻዎቹን አጠገብ ለአጠገብ አድርጋችሁ፣ ኦራክል ወደ ነፋሱ ሲወጣ ክፍተቱን ብቻ እዩ። መጀመሪያ ላይ ሆዱ ውሃውን እየነካ ነው የሚወጣው፤ ወደ መጨረሻው ግን ወደ ነፋሱም እየበረረ ነው።